አይዘጋም

ክረ ብርሃን ለሦስተኛ ጊዜ ከእትዬ ከዲጃ እግር ወጥታ ሣጥኗ ውስጥ ተጠቀለለች። መስኮቷ ላይ ያው አንድ ቃል በቀይ በራ፦ «አይዘጋም»።

ዶክተር እንድሪስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ይህች ከፀጉር የማትወፍር የመስታወት ክር ከኮምቦልቻ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ በተሠራችው ማማ ከተማ ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ከጉልበት በታች ትገባና ያበጠውን ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር፣ ከውስጥ ታነበዋለች፤ ከዚያም በሌዘር ሙቀት አጣብቃ ትዘጋዋለች። በሽተኛው በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዛሬ ግን በአንድ ሰው ብቻ አንድ ሰዓት አለቀ። ውጭ አሥራ አንድ ሰው ይጠብቃል።

«ምን ሆነች?» አሉ እትዬ ከዲጃ ከአልጋው ላይ ቀና ብለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰማይ ገመድ ጣቢያ ቆመው ተሳፋሪ ሲያሳፍሩ የኖሩ ሴት ናቸው። የግራ እግራቸው ሥር እንደ ሐረግ ተጠማዞ ወጥቷል።

«ግትር ሆናብኝ ነው።»

«እኔስ ታከተኝ፣ ልጄ። ባለፈው ወርም እንዲሁ መለሳችሁኝ። ይሄ እግር የጀመረኝ እኮ የዛሬ ሠላሳ ዓመት መንታዎቹን ስገላገል…»

«እባክዎ እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ማሽኗን ትቶ በእጁ ሊዘጋው ቆረጠ። ደንቡ ግን በእጅ ከመሥራት በፊት አንድ የጥንት ፈተና ያዛል፤ ያበጠውን ሥር በላስቲክ ፋሻ አስሮ በሽተኛውን ማስኬድ፤ ደሙ ሌላ መመለሻ እንዳለው የሚታየው ያኔ ነው። እያጉረመረመ አሰረላቸውና፣ «እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ» አላቸው።

በሩ ጋ አልደረሱም።

«ወይኔ! እግሬ ሊፈነዳ ነው! ፍታልኝ!»

ተንበርክኮ ሲያይ የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ፋሻውን በጥድፊያ ፈታው።

«መንታዎቹን ሲገላገሉ ምን ሆነው ነበር?»

«ይሄ እግሬ እንደ ቅል አብጦ ሁለት ወር ተኛሁ። ኋላ በራሱ ጎደለ። ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ መልከ ጥፉ ሥር የወጣብኝ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

የረጋ ደም በጡንቻው ውስጥ የሚያልፈውን ዋናውን፣ ጥልቁን ደም መልስ ያኔውኑ ደፍኖት ኖሯል። ሠላሳ ዓመት በእሱ ፈንታ የእግሩን ደም ሲመልስ የኖረው ይህ የሚያፍሩበት ሥር ነው። ዘግቶት ቢሆን ኖሮ እግራቸውን ባሳጣቸው ነበር።

«ታዲያ እንዲሁ ተገትሮ ሊቀር ነው?» አሉ ተናደው።

«የተደፈነው ጥልቁ ሥር ደሴ ሆስፒታል ይከፈትልዎታል። እስከዚያ ይህን ማንም እንዳይነካብዎ።»

ከዚያ ወደ ማሽኗ ዞረና «ማብራሪያ» የሚለውን ቁልፍ አበራው።

«ጥልቁ ደም መልስ ከጉልበት በላይ ተደፍኗል» አለች ረጋ ባለ ድምፅ። «ደሙ የሚያልፈው በዚህኛው ብቻ ነው፤ ከተዘጋ እግሩ ይጎዳል። ይህን ዛሬ ሦስት ጊዜ፣ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ።»

እትዬ ከዲጃ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ለካ አፍ አላት! ታዲያ ዝም ያሰኛት ማነው?»

የዛሬ ሁለት ዓመት ነበር፤ ወረፋው የበዛበት ሰሞን። ወሬ ታበዛለች፣ ጊዜ ትገድላለች ብሎ የማብራሪያዋን ድምፅ አጥፍቶት ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።