ያልጻፈው መጨረሻ

እጄን ያዘኝ! ዋናውን አስቀድሜ ዘረገፍኩት፣ አልቻልኩማ! ዛሬ ከሰዓት፣ የአክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ እጄን ይዞ «ነገ የመጨረሻዋን መስመር አንቺን እያየሁ ነው የማነባት» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለች።

በደስታ ብቻ መሰላችሁ? ስሙኝማ።

ከጥቂት ወራት በፊት በእጁ የጻፈውን ልብ ወለድ ሊያስተይብ መጣ። አክስቴ ገና ስታየው «ደራሲው» አለችው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። የምተይበው እኔ ነኝ። ጽሑፉ አይነበብም፣ ስለዚህ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጦ ያነብልኝ ነበር።

«ይሄን የጻፈው ማነው፣ አንተ ወይስ ዶሮ?»

«ዶሮዋ ናት። እኔ ወረቀቱን ነው የያዝኩላት።»

አክስቴ ከማሽኑ ኋላ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ይሥራ፣ ጥርስሽ ይረፍ!» ትለኛለች።

የመጨረሻዋን ገጽ ግን፣ ጽሑፉን ስለለመድኩት፣ እሱ በሌለበት ነው የተየብኳት። ልጅቷ ፍቅረኛዋን «በሩን አትዝጋው፣ እመለሳለሁ» ብላው አውቶቡስ ትሳፈራለች። አለቀ! አትመለስም! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የሌላ ደራሲ የሕይወት ታሪክ አንብቤ ነበር። መጨረሻውን ያሳመረችለት ታይፒስቱ ናት ይላል፣ በኋላም አገባት። እኔስ ምን ያንሰኛል? ያቺን የ«በሩን አትዝጋው» የመጨረሻ መስመር አጥፍቼ ልጅቷን ከአውቶቡሱ አወረድኳት። ተቃቀፉ። ሲያየው ይስቃል፣ ቢበዛ ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

አላየውም! ለካ እሱም የሆነ ደራሲ ታሪክ አንብቦ ኖሯል፤ ሰውየው የጨረሰውን ሥራ ሰው ፊት እስኪያነበው ድረስ ገልጦ አያየውም አሉ። የኔው ጉድ እንደዚያ ሰውዬ ልሁን ብሎ፣ ሳይገልጠው አስጠርዞ ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የልብ ወለድ ውድድር አስገባው።

አሸነፈ። ዳኞቹ «መጨረሻው ልብ ይነካል» አሉት። የኔን እኮ ነው! ጥራዙ እነሱ ጋ ነው ያለው፤ ነገ መድረክ ላይ ይሰጡትና ያነባል።

ዛሬ እጄን እንደያዘ «ለምን እኔን እያየህ?» አልኩት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አያቸው።

«ያቺ መስመር የእናቴ ናት። ሆስፒታል ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ያለችኝ። በዚያው ቀረች። አንቺ ስትተይቢያት እንዳለቀስሽ አክስትሽ ነገረችኝ። ያኔ ነው የወደድኩሽ።»

«እኔ...» አልኩ። ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። «ነይ እንጂ አንቺ!» አለች አክስቴ። ስመለስ ሄዷል።

አሁን ያቺ የዶሮ ጭረት ገጽ ጭኔ ላይ ናት። ብነግረው ይጠላኛል። ዝም ብል ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔን እያየ የእናቱን ቃል ሲፈልግ ያጣዋል። ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እንደገና አነሳለሁ።

ነገ ሦስት ሰዓት መጥቶ ይወስደኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በናታችሁ፣ ቶሎ በሉ!