የታችኛው ፖርት

ሂዳያ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ማንበብ የተማረችው ከሙሰዓብ ነው፤ ሰው መውደድንም እንደዚሁ። ሁለቱም ከድሬዳዋ መጥተው ሐርጌሳ ውስጥ፣ በፍርስራሽ ቦታ ላይ አዲስ በተሠራ ሕንፃ ሥር፣ ራሕሞ የምትባል ሴት በከፈተችው የጥገና ቤት ይሠሩ ነበር።

«እዪ፣ ለፊተኛው ዩኤስቢ ሁለት ረድፍ ፒን አለ» ይላታል ጣቷን ይዞ እየመራ። «አንዱ ረድፍ ለላይኛው ፖርት፣ አንዱ ለታችኛው። ቦርዱ ውስጥ ያለው ሀብ የሚሉት ማከፋፈያ ነው ሁለቱን የሚያገናኛቸው። ቀዩ ሽቦ ኃይል ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፣ ነጭና አረንጓዴው ወሬ ያመላልሳሉ።»

«ለወሬ ማመላለስማ አንተ ትበቃ ነበር።»

ይስቃሉ። ጣቷን ግን ቶሎ አይለቀውም፤ እሷም አትነጥቀውም።

ራሕሞ በወደብ ከተማዋ በበርበራ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት፣ ኃላፊነቱንም ለሂዳያ ልትሰጥ መሆኗን ስትናገር ልጅቷ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሙሰዓብም «ማሻ አላህ» አለ። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

በሳምንቱ አንድ ከሰዓት አስሊ መጣች። አስሊ ልጇ ሞቶባት፣ ቁርኣን ሲቀራ የተቀዳበትን ፍላሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትኖር አሮጊት እናት ናት። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ወደ ሲዲ ልታስገለብጠው ነው የመጣችው። ሂዳያ ያን ዕለት ጠዋት ራሷ ገጥማ የሞከረችው ኮምፒውተር ላይ፣ የታችኛው ፖርት ውስጥ ሰካችው።

ፍላሹ ጋለ፣ ሸተተ፣ አለቀለት። አስሊ አልጮኸችም። እሳት እንደነካው የሕፃን ጣት እፍ፣ እፍ አለችበት።

ራሕሞ ሂዳያን እዚያው አባረረቻት።

«አይዞሽ» አላት ሙሰዓብ ደጅ ተከትሏት ወጥቶ። «በርበራ ቢቀርስ? እኔ አለሁልሽ። ኒካሕ እንሰር። ደግሞ ስህተቱ ትንሽ ነው፤ የላይኛው እኮ ደህና ነው፣ ቀይና ጥቁሩ የተቀያየረው የታችኛው ብቻ ነው።»

ሂዳያ ቀጥ አለች። ፍላሹ ከተቃጠለ ወዲህ ኮምፒውተሩን የከፈተው ሰው የለም። የላይኛውንም የሞከረው የለም።

«አንተ ነህ!»

አንገቱን ደፋ።

«ለዙህር ሶላት ስትወጪ ነው ያቀያየርኩት» አለ። «ማውስ ተቃጥሎ ራሕሞ የምትቆጣሽ ብቻ መስሎኝ። ወላሂ፣ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

የባሰው ደግሞ በዚያች ሰዓትም ትወደው ነበር። እጅጌውን ይዛ እየጎተተች አስሊ ቤት ድረስ ወሰደችው።

«ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት» ብላ በሩን አንኳኳች።

አስሊ ከፈተች። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ በራ።

«የልጄን ድምፅ አገኛችሁልኝ?»

«እየሞከርን ነው፣ ኢንሻ አላህ» አላት ሙሰዓብ።

አሮጊቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመርቀው ጀመር። ሂዳያ ምርቃቱ እስኪያልቅ መስማት አልቻለችም፤ እጅጌውን ለቀቀች።

«አይገኝም፣ እናቴ» አለቻት። «ያቃጠለው እሱ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሰዓብን አላናገረችውም። የወደደችው ሌላ ሰውም የለም።