ሶኬቱን የነቀለው ሰው

ሀይፋ ዘነበወርቅ ያለው ቤተ ሙከራ ስትደርስ፣ ባክቴሪያዎቿን ሲያሞቅና ሲያወዛውዝ ማደር የነበረበት ማሽን ቆሟል። ሶኬቱ ተነቅሏል። ባክቴሪያ በዝቶበት ደፍርሶ መገኘት የነበረበት ፈሳሽ እንደ ውሃ ጠርቷል።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አለ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው ኢብራር። «ትናንት ማታ ስወጣ...»

«አልሰማህም። የከሸፈብኝ ሙከራ ሦስተኛዬ ነው።»

ለማስተርስ ጥናቷ የምትፈልገው ፕላዝሚድ የሚባል ክብ ዲኤንኤ ነው፤ የሚባዛው ተሸካሚዎቹ ባክቴሪያዎች ሲባዙ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ አሻፈረን ብለዋል።

አየር ጤና ጨርቅ የሚሸጡት አባቷ አቶ ሀምዱም ታክቷቸዋል። «ሰው ጀርሙን በሳሙና ይገድላል፣ አንቺ ታረቢያለሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጨረስሽ፣ ሽማግሌ ለላከው ልጅ እሺ እላለሁ» ብለዋታል።

ሶኬቱ ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ ኢብራርን ዘጋችው። ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያያት ቦታውን ይለቅላታል፤ እሷ ከኋላ ትሰለፋለች።

አራተኛውም አልበቀለም። ልትጮህበት ስትሄድ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ በእጁ ቴርሞሜትር ይዟል።

«ማሽኑ ሠላሳ ሰባት ይላል፣ ውስጡ ግን ሃምሳ ነው። እየቀቀላቸው ነበር። ያን ቀን የነቀልኩት ሽቦው ሲቃጠል ሸትቶኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«መቼ አስወራሽኝ?»

 ሀይፋ ዓይኑን ሽሽት ወለሉን አየች። «ይቅርታ» አለች።

ኢብራር ማሽኑን ጠገነው። አርብ ጠዋት ፈሳሹ ደፍርሶ ጠበቃት። ከሰዓት ዲኤንኤውን አውጥታ መብራት ስር ስታየው ደማቅ መስመር ሠርቷል፤ ሙከራው ተሳክቶላታል። ኢብራር መስመሩን ትቶ እሷን ያያል። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ያምራል» ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

የታክሲ ሰልፉ ላይ ደረሰችበት።

«ኢብራር፣ ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። አንተ ስምንት ወር አጠገቤ ቆመህ አንድ ቃል አይወጣህም። አባቴ ለሰው እሺ ሊሉብኝ ነው፤ ጥናቱን ብጨርስ እንኳ ያ ልጅ ደጃችንን አይለቅም። ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?»

ታክሲ መጣ፣ ሞልቶ ሄደ። ሁለቱም አልተሳፈሩም።

«እሺ ትይኛለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «አባትሽ ረቡዕ ቤት ይገኛሉ? አጎቴን ልልክ።»

«ማክሰኞስ ምን ሆነ?»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር።

የኢብራር ሽማግሌዎች እነ ሀይፋ ቤት የደረሱት ማክሰኞ ነው።