ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይለፉ

ከምድር በታች በተሠራችው ከተማ፣ ሁለት ሯጮች በጠባብ መንገድ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው "ይለፉ" ይላል። ሯጭ ማለት ያለ ሹፌር የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ጨዋነቱን ያስተማሯቸው የመስመሩ ተቆጣጣሪ ጋሽ ነስሩ ናቸው፤ በዕድሜ የሚያንሰው ለታላቁ ይቆማል። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ብረቱን ሰው አደረግኩት" ይላሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ሯጮች፣ አንድ ብቻ በሚያሳልፍ መተላለፊያ ሁለት ጫፍ ላይ ቆመው ቀሩ። አንዱ ሽንኩርት ጭኗል። በሌላው ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ አየሩ የሚበቃት ለአርባ ደቂቃ ነው። ሙቀቱ ስልሳ ዲግሪ ስለሆነ በእግር የሚደርስላት የለም፤ ሯጮቹ ደግሞ ከፕሮግራማቸው በቀር የማንንም ትእዛዝ አይሰሙም።

በሰው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ሁሉ የሚጽፈው ማሽን፣ ጸሐፊው፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቴም "ስህተት የለም" አለ። የመስመሩን ኢንጂነር ቤዛዊትን ላብ አጠመቃት። ሁለት ዲግሪ አላት፤ ፕሮግራም ግን በዓይኗ አንብባ አታውቅም። በዚህ ዘመን ማን ያነባል?

የጋሽ ነስሩ ልጅ ሂክማ ታነባለች። ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷ ቢሮ ትቀመጣለች። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሯ ተማሪዎቹን ፕሮግራም በካሬ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ፣ መስመር በመስመር ያስኬዷቸዋል። አባቷ ግን "ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ትደርሽበታለሽ፤ አሁን ዓይንሽን አታጥፊ" ሲሏት ነው የከረሙት።

ሂክማ ደብተሯን ዘርግታ ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ዓምድ አሰመረች። ዕድሜ? እኩል። "ይለፉ።" "ኧረ እርስዎ ይለፉ።" "በፍጹም!" ገጹ ሞላ።

"አባ፣ ሁለቱም ከፋብሪካ የወጡት በአንድ ቀን ነው" አለች። "ታላቅም ታናሽም የለም። እስከ ነገም ቢሆን ይጠባበቃሉ።"

"ሰውስ በር ላይ ሲገናኝ ይግደረደር የለ? ግን እንደዚህ ቆሞ አይቀርም!" አሉ ጋሽ ነስሩ።

"ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባባላል። አንተ ማክበር አስተማርካቸው እንጂ 'ደህና ነህ ወይ?' ማለት አላስተማርካቸውም።"

የጋሽ ነስሩ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላት። "ጻፊ" አሏት።

ሂክማ አንዲት ጥያቄ ጨመረች፤ ደህና ያልሆነው ይቀድማል። የሽንኩርቱ ሯጭ ጠየቀ። ሌላው "ደህና አይደለሁም፤ ሕመምተኛ ይዣለሁ" ብሎ መለሰና አለፈ። ሴትየዋ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ሐኪሙ በሬዲዮ "የትኛው ኢንጂነር ነው ያስተካከለው?" ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ነስሩ ማይኩን ከቤዛዊት እጅ ነጠቁ።

"ኢንጂነር አይደለችም! ዩኒቨርሲቲ ገና አልገባችም! የኔ ልጅ ናት!"

ከወር በኋላ ጸሐፊው ሪፖርት ላከ። "ሯጮች አርባ ሺህ ጊዜ 'ደህና ነህ ወይ?' ተባብለዋል። ከሦስት መልስ በቀር ሁሉም 'ደህና' ነው። ጥያቄው ጊዜ ያባክናል። ይሰረዝ?"

ጋሽ ነስሩ "ለሦስቱ ነው እኮ የሚጠየቀው" ብለው "አይሰረዝም" የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺስ ደህና ነሽ?"

ሂክማ "ደህና" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

"የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና አስፈርቶኛል፣ አባ" አለች።