የጳጉሜ መስመሮች

ባጃጁ የአቃቂን ድልድይ እንደተሻገረ፣ ከሰላዩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ውጭ እያየ ተናገረ።

«ሚስማሩ ገባ?»

«እስከ አናቱ።»

ፍላሿ ከሰላዩ መዳፍ ወደ ሰውዬው መዳፍ ተሻገረች። ሰውዬው በስለላ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ «አናጢው» ይባላል፤ የሰላዩ የቅርብ አለቃ ነው። ለሰላዩ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሰጠው ስም ዘካሪያስ፣ የተሰጠው ሙያ የኮምፒውተር ጥገና ነበር። አናጢው ከመውረዱ በፊት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዘካሪያስ ደስ አለው። በኋላ ካፈረባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ደስታ ነው።

ፍላሿ የያዘችው የእማማ ሐጀራን ሂሳብ ነበር። እማማ ሐጀራ በአቃቂ በሰቃ ቁርጥራጭ ብረት የሚነግዱ የስልጤ ሴት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር እየቆረጡ መዳቡን የሚሸጡ ሌቦችን ሲያሳድድ ከርሟል። በፈረንጆች 2024 ጃንዋሪ አምስት ቀን ለተሰረቀ መዳብ የተከፈለ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ማን እጅ እንደገባ ግን አጥቶታል። ጥርጣሬው እሳቸው ላይ ወደቀ። ዘካሪያስም ከሱቃቸው ጎን ጠረጴዛውን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ዕድሉ ራሱ እግሩ ድረስ መጣ። ልጃቸው ናዕማ ላፕቶፕ ላይ የጫነችላቸው የወጪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የቁጠባ ማኅበራቸውን ስቴትመንት አልቀበልም አለ። እስቲ እየው ልጄ ብለው ላፕቶፑን ከነይለፍ ቃሉ አስረከቡት። ምሳም አበሉት።

ማኅበሩ ቀን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከፈረንጅ ሌላ አያውቅም። አናጢው ቶሎ በል እያለ ሲወተውተው፣ ዘካሪያስ በአንድ ትእዛዝ 2017ን ሁሉ 2024 አደረገው። ሶፍትዌሩ እሺ ብሎ ዋጠው። የተፋው ጥቂት የጳጉሜ መስመሮችን ብቻ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም አለ። ዘካሪያስ መስመሮቹን ሰረዛቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን እንኳ አልለቀመም።

ፍላሿን ባስረከበ ማግስት እማማ ሐጀራ ጠሩት።

«ልጄ፣ ጳጉሜ ላይ ለጉልበቴ ሕክምና ያወጣሁት የለም እኮ።»

ላፕቶፑን እንደ ዋዛ ከፍቶ አየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ መጀመሪያው መስመር ወጣ። ቀን 5፣ ወር 1።

በማኅበሩ ወረቀት ላይ ይህ መስከረም አምስት ነው፤ የሟች ባለቤታቸው አይሱዙ ተሽጦ ገንዘቡ የገባበት ቀን። ሶፍትዌሩ ግን ወር 1 ሲባል የሚያውቀው ጃንዋሪን ነው።

ዓመቱን ቀይሮ ወሩን ትቶታል።

ሌባ ያደረጋቸው እሱ ነው።

አናጢውን ያገኘው ከባጃጅ ተራው ጀርባ ነው። ጥፋቱን አልሸሸገም፤ ወሩ መስከረም እንጂ ጃንዋሪ አለመሆኑን አንድ በአንድ አስረዳው።

«አውቃለሁ» አለ አናጢው።

«ያውቃሉ?»

«ገና ስከፍተው አየሁት።»

«ታዲያ ያስቁሙት እንጂ! ሴትዮዋ ሊታሰሩ ነው።»

«ፋይሉን የሠራው ማነው? አንተ። ከተነካካ የሚነደው የአንተ ስም ነው። ዝም በል።»

ያን ጊዜ ገባው። አናጢው እውነተኛው ተቀባይ ማን ይሆን ብሎ አንድ ጊዜም አልጠየቀም። የማይጠይቀው ስለሚያውቀው ነው።

ከአለቃ በላይ ማለፍ በሰላይ ሥራ ነውር ነው። ዘካሪያስ አለፈ። ትክክለኛውን ፋይልና የገዛ ጥፋቱን ጽፎ የአናጢው የበላይ ለሆነችው ለሥርጉት ላከ።

ዘገየ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊይዟቸው የመጡት ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። እማማ ሐጀራ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ከሱቃቸው ወጡ። ለካ መዳብ ኖሯል ሀብቷ አለ አንዱ ነጋዴ። ዘካሪያስ ጠረጴዛው ላይ የፈታውን ስልክ አጎንብሶ ይጎረጉር ነበር። እማማ ሐጀራ በአጠገቡ አለፉ። ዞር ብለውም አላዩት። ያወቁበት መሰለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ እጁ ግን ብሎን መፍታቱን አላቆመም። ሥራው እንዲህ ነው ያስተማረው።

የሥርጉት ሰዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ የጃንዋሪውን ገንዘብ ተቀባይ ያዙ። አናጢው ሲከልለው የኖረ ሰው ነበር፤ አናጢውም አብሮት ታሰረ። የመዳብ ሌቦቹ ተለቀሙ፤ እማማ ሐጀራም ተፈቱ። ለዘካሪያስ የደረሰው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ለማንም ሳትናገር ከአቃቂ ውጣ።

ዕቃውን ሊሰበስብ ሲመጣ እማማ ሐጀራ ሱቃቸው በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደንበኛ የለም። ቀድሞ ሰላምታ የማያስቀሩት ጎረቤቶች በወዲያኛው ጠርዝ ያልፋሉ። ወደ ውስጥ ጠሩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ላፕቶፑን ማን ነካው እያሉ ሲያፋጥጡኝ ነበር።»

«ምን አሏቸው?»

«ራሴ ነኝ አልኳቸው። ዋሽተሻል እያሉ ነው ያቆዩኝ። የወሰዱኝ ቀንም አንተን ዞር ብዬ ያላየሁህ እንዳይጠረጥሩህ ብዬ ነው። አይዞህ፣ ስምህን ከአፌ አላወጣሁም።»

ዘካሪያስ አፉን ከፈተ። ትእዛዙ ትዝ አለው። መልሶ ዘጋው። ፈሪ ነበር፤ ትእዛዝ ማለቱ ሰበብ ነበር።

«ያኔ የሠራህበትን ሳልሰጥህ ወሰዱኝ» አሉና ከጉያቸው የተጣጠፈ ብር አውጥተው ዘረጉለት። እንቢ አለ። ቆጣ አሉ፤ ላቡን ያፈሰሰ ዋጋውን ይቀበላል፣ የሰው ሐቅ አልበላም አሉ። ዋጋ የማይቀበል ጠጋኝ ደግሞ ያስጠረጥራል።

ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

«አላህ እንዳንተ ያለውን ያብዛልኝ» ብለው መረቁት።

አሜን አለ። ከዚያ ሻንጣውን አንግቶ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ላይ ወጣ። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ሌላ ኪሱን ዳበሰ፤ ያን ብር ማውጣት አልቻለም።