ተሳቢው ሊፈታ ሲል

በ፲፱፻፹፯ ዓ.ም. ኅዳር መባቻ፣ የሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ተቀምጦ በረቂቁ ላይ በሚከራከርበት ሰሞን፣ ከመገናኛ በስተምሥራቅ ባለ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሸሪኮች ሊለያዩ ተቀጣጥረው ነበር፤ የወሎው ሐጂ አብዱልሐሚድ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ባለቤት፣ የዓዲግራቱ አቶ ዑቕባይ የተሳቢው ባለቤት ነበሩ፤ ከድርቁ ዘመን ጀምሮም አብረው ከአሰብ እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል። አሁን ግን ክልል ሁሉ የራሱን ሰው ብቻ ያሠራል የሚል ወሬ በመናፈሱ፣ አቶ ዑቕባይ ተሳቢያቸውን ፈትተው ሊሄዱ መፍቻ ይዘው መጥተዋል።

ሐጂ ዳኛ ይሁነን ብለው የጠሩት የወንድማቸውን ልጅ ሃይደርን ነበር፤ ሕንድ አገር ሕግ ተምሮ በክረምቱ የተመለሰ፣ መመለሱንም ገና ያላመነበት ወጣት ነው። አንድ ቦታ መቆም አቅቶት መኪናውን ይዞራል።

«አንድ አገር ነን ወይስ ብዙ? ይህንኑ ንገረን» አሉ ሐጂ።

«ሁለቱንም ነን ጋሼ። ክልሉ በቤቱ ያዛል፤ ጦሩ፣ ገንዘቡ፣ ክልሎችን የሚያገናኘው ዋና መንገድ ግን የማዕከሉ ነው። ሕንዶችም በደህና ቀን ለየራሳቸው ያድራሉ፤ ጭንቅ ሲመጣ ማዕከሉ ሁሉን ይጠቀልላል።»

አቶ ዑቕባይ ሳቁ። «እንደኛው መኪና በለኛ። ተሳቢው ማነው ታዲያ?»

«ጉባኤው የሚከራከረውም በዚሁ ነው።»

«ሐጂ፣ ልጁን ለዚህ ነው ባሕር ያሻገሩት?»

ሃይደር ወደ አጎቱ ተመለከተ፤ ዓይናቸው «መንገዱ አይዘጋም ብለህ ማልለት» ይለዋል። ቢምልና መንገዱ ቢዘጋስ? የሁለት ቤት እንጀራ በአንገቱ ነው።

«መንገዱ የሁላችሁም መሆኑ በረቂቁ ተጽፏል፤ የተጻፈው ይከበር እንደሆነ ግን አላውቅም። ልምልላችሁ አልችልም።»

አቶ ዑቕባይ መፍቻውን ወደ ጋቢናው ወረወሩት።

«የሚምልልኝ ባገኝ ኖሮ አሁኑኑ እፈታው ነበር። በየመንግሥቱ የማለልን ሞልቷል፤ መሐላውን የጠበቀ ግን የለም። እስቲ እስከ ደሴ አብረን እንሂድና እንየው።»

«ተሳቢው እርስዎ ነዎት፤ ይሳቡ እንግዲህ» አሉ ሐጂ በሩን እየከፈቱ።

ሃይደር መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ አለመማሉ ደግ ሥራ ይሁን ክፉ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ታሪክ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር ፳፱ ቀን መጽደቁን መዝግቧል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ያ መንገድ በጦርነት መዘጋቱን መዝግቧል፤ በመካከሉ ግን ማንም ሳይምልላቸው አብረው የነዱትን ሰዎች የጻፈ የለም።