ወደ ኋላ የዞረው ፓምፕ

ሩሐማ ሀዲስን መውደዷን ያወቀችው በጣም በተናደደችበት ሰሞን ነው።

ቦታው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በተሠራው አዲስ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ካለቁ ቆይተዋል። የፍሳሽ ፓምፕ ጣቢያው ግን በጅምር በመቅረቱ፣ ባለቤቶቹ ቁልፋቸውን በኪሳቸው ይዘው ኪራይ ቤት ይኖራሉ። ፍሳሹን ወደ ማጣሪያው የሚገፋው ፓምፕ ካልሠራ መሄጃው ሐይቁ ነዋ። ስለዚህ መጀመሪያ የገቡት ትንንሽ ፓምፖች ወጥተው በትልልቅ ተተኩ። የቀረው የኤሌክትሪክ መስመሩ ነበር፤ እሱ የተቋራጩ ሠራተኛ የሆነችው የሩሐማ ድርሻ ነው።

ሀዲስ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ነው፤ ረጅምና ዝምተኛ የቆላ ድባ ልጅ። ሥራዋን ሲፈትሽ ዐይኑ ከገመዱ ወደ ጣቶቿ፣ ከጣቶቿ ወደ ፊቷ ይሻገርና ደንግጦ ይመለሳል። ይህን ካየች ወዲህ ሩሐማ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆየት ጀመረች። ያውም የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ለምትውልበት ቀን።

ችግሩ ምሳ ላይ ነው። እናቷ የሠራችላትን የዓሣ ወጥ ከፍታ «ና እንብላ» ስትለው፣

«በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል።

አንዴ እንቢ ማለት ወግ ነው፤ ሁለቴም ይሁን። ሳምንቱን ሙሉ ሲሆን ግን ንቀት ነው። አንድ ቀን ጭራሽ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ደረቅ ዳቦ ሲገምጥ አየችውና የምሳ ዕቃዋን ክዳን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

የግንበኞቹ አለቃ ጋሽ መርስዔ ኀዘን «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሏት።

«ተጸይፎኝ ነው ጋሼ። ፍሳሽ ከነካ እጅ አይበላም።»

ሽማግሌው ሣቁ። «ይሄ ልጅ በእጅሽ ብታጎርሽው ጣትሽንም አብሮ ይውጠዋል።»

ሩሐማ አላመነቻቸውም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደተናደደች የመጨረሻውን ሞተር ገመዶች አሰረች።

በርክክቡ ቀን የቤቶቹ ባለቤቶች ጃንጥላቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ሩሐማ ማብሪያውን ተጫነች። የመጀመሪያው ፓምፕ ውሃውን ስቦ ገፋው፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሁለተኛው አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሀዲስ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

«ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ሁለት ገመዶች ቦታ ተለዋውጠዋል። አልረከብም።»

«ልጄ፣ አንዱ ይሠራ የለም?» አሉ አንዲት እናት። «አንተ ፈርም፣ እሷ ነገ ታስተካክለዋለች።»

«አይሆንም እናቴ። ያ አንዱ የተበላሸ ቀን ምን ሊውጣችሁ ነው?»

ሩሐማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሐፍረቱስ ይሁን። ርክክቡ ሲያልቅ ግን ይህ ሰው ወደ ሌላ ሥራ፣ ወደ ቆጋ መስኖ ይሄዳል፤ የሚያስታውሳትም በስህተቷ ሊሆን ነው። መብራቱን አጥፍታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ገመዶቹን አቀያየረች። እንደገና ስታስነሣው ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ገፋው። ሀዲስ ፈረመ፤ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

ሰዉ ሲበተን መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ያ ሁሉ ሰው ፊት» አለችው። «ቀስ ብለህ ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አድልቶላት ነው ይሉ ነበር። ምሳሽንም ያልበላሁት ለዚሁ ነው። የተቋራጭ ምሳ የበላ ተቆጣጣሪ አይታመንም። ወጡ እየሸተተኝ መቀመጥ ቢያቅተኝ ነው ከአጥር ውጭ የወጣሁት።»

«ማን ምን ቢል ምን አስጨነቀህ?»

«ዛሬ ዝም ቢሉ፣ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ይናገራሉ።»

ሩሐማ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። መፍቻዋን ወደ ዕቃ ቦርሳዋ እየከተተች፣

«አባቴ ካንተ ይብሳል» አለችው። «ሽማግሌዎችህን በመጀመሪያው ቀን ይመልሳቸዋል።»

«ደግሜ እልካለሁ። አንቺስ?»

«እኔማ ከፈረምሁ ቆየሁ።»